ለሞት እድር አለን፤ ለሥራ ማጣትስ?

አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በስልክ ሲያወጉን አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ «አንኢምፕሎይመንት እየወሰድኩ ነው» ይሉናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የአየር ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛውንም፣ የታክሲ ሹፌሩንም፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዋንም ከየሥራቸው አፈናቅሎ ቤት ባዋላቸው ጊዜ፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግዛቶቹ ከሚከፍሉት በላይ በሳምንት 600 ዶላር ለተወሰኑ ወራት ጨምሮ ሰጥቶ ነበር። እስቲ ይህችን የዘመዶቻችንን ቃል ወደ አማርኛ መልሱ ብንባል ምን ብለን እንመልሳታለን? ቋንቋችን «ሥራ አጥ» የሚለውን ቃል አሳምሮ ያውቀዋል። «ሥራ ፈት» የሚል ስድብም አለው። ሥራ ላጣ ሰው፣ ሥራ በማጣቱ ብቻ፣ እንደ መብት የሚከፈል ገንዘብ ግን በመካከላችን የተለመደ ስም የለውም። ስሙ የታጣው ነገሩ ስለሌለ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በኢትዮጵያ ሕግ የሥራ አጥነት መድን የለም። ያለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ብዙ የተማረ ሰው ገጥሞኛልና ልዩነታቸውን ማስቀደም ይገባል። መድን ሲባል ሠራተኛውና አሠሪው በደጉ ቀን በየወሩ የሚያዋጡት፣ በሦስተኛ ወገን እጅ የሚቀመጥ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሥራ እስኪገኝ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የስንብት ክፍያ ግን የትም አልተቀመጠም። ሠራተኛው ከተሰናበተ በኋላ አሠሪው ከኪሱ እንዲያወጣው የሚጠየቅ ዕዳ ነው። ድርጅቱ ከስሮ ሲዘጋ የስንብት ክፍያ የሚጠየቀው ገንዘብ የለኝም ከሚለው ከዚያው ድርጅት ነው። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በወረቀት ላይ ሲነበብ ለሠራተኛው የሚራራ ሕግ ነው። ድርጅቱ ለዘለቄታው ሥራውን ካቆመ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ፣ በጠቅላላው ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፈላል። በዚህ ላይ የስድሳ ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። በሒሳቡ ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው ጊዜ ውስጥ መክፈል አለበት፤ ያዘገየ እንደሆነ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በስድሳ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ይግባኝ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ ይግባኝ ሰሚውም እንዲሁ በስድሳ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ደምሩት፤ ነገሩ ሁሉ ግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም።

አሁን ከወረቀቱ ወደ መሬቱ እንውረድ።

የባለቤቴ ወንድም ከጅማ ወጣ ብለው ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ፣ በአንድ ቡና ማበጠሪያና ማከማቻ ድርጅት ውስጥ ለ14 ዓመት በመጋዘን ሠራተኝነት አገልግሏል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ስለ አንድ ነጋዴ ክፋት ሳይሆን ስለ አንድ ሥርዓት ጉድለት ነው። ድርጅቱ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘጋ። የሰውየው የወር ደመወዝ 4,200 ብር ነበር። በሕጉ መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት 4,200፣ ለቀሪዎቹ 13 ዓመታት በ1,400 ሒሳብ 18,200፣ የስድሳ ቀኑ ተጨማሪ 8,400፣ በድምሩ 30,800 ብር ይገባዋል። አራቱን የሒሳብ መደብ የሚያውቅ ሁሉ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰው ስሌት ነው። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እጁ የገባው ግን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ከ23 ወር በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ያለፉት በደጅ ጥናት ነው። ደጅ ጥናት የድሮ ቃላችን ነው፤ ባለጉዳይ በመኳንንት በር ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት የሚጠባበቅበት ሥርዓት ነበር። መኳንንቱ ቢሄዱም ደጁ ግን እንዳለ ነው። «ቡናው ይሸጥና»፣ «ባንኩ ይልቀቅልንና»፣ «ረቡዕ ና»፣ «ከበዓል በኋላ ና» እየተባለ ሲመላለስ ከረመ። ያገሬ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት እንጀራ የበላበትን ቤት ለመክሰስ ያፍራል። ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም «ይከፈልሃል ተብለናል» ብለው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ነው ሕጉ ለሠራተኛው የማይታይ ወጥመድ ያለው። ከሥራ መሰናበት ጋር የተያያዘ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከሆነም ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው። ይርጋው የሚቋረጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። በቃል የተሰጠ ተስፋ፣ በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል፣ በስልክ የተባለ «እሺ» አይቆጠርም። እንግዲህ ተመልከቱ፤ አሠሪው በሰባት ቀን ውስጥ ባለመክፈሉ የሚደርስበት ነገር ቢኖር ቢበዛ የሦስት ወር ደመወዝ ነው፤ ሠራተኛው ግን በጨዋነት ስድስት ወር በመጠበቁ መብቱን ከነሥሩ ያጣል። የባህላችንን ትዕግሥት ሕጉ እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል።

እኔ ዘንድ የመጣው በሐምሌ አጋማሽ፣ ይርጋው ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ በትምህርቴ ሌላ ነገር ነው የተማርኩት። እርሱ ግን «ዶክተር» ብሎ ይጠራኛል፤ በእኛ አገር ዶክተር የተባለ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታመናል። የሕግ መምህር የሆነ ባልደረባዬን አማክረን ክሱን አዘጋጀን። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የቅጥር ወረቀቱ ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ ነበር። የዳኝነት ገንዘብ ባይከፈልም የትርጉሙ፣ የማመልከቻ ጽሕፈቱ፣ የፎቶ ኮፒውና የመመላለሻው ሒሳብ ነጻ አልነበረም። ይርጋው ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀረው መዝገብ ተከፈተ። ወዲያውም የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት ደረሰ።

አሠሪው ያቀረበው መከላከያ ይህ ነው፦ «ከሳሽ ወቅታዊ ሠራተኛ ነበር፤ በየመኸሩ ይቀጠርና መኸሩ ሲያልቅ ውሉ ያበቃል»። ይህን መከላከያ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። የቡና አገር ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል። አዋጁ በየዓመቱ እየተመላለሰ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራን ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ ውል ማሠራትን ይፈቅዳል፤ የጊዜው ውል ሲያልቅ ደግሞ የስንብት ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ አረፈ። ይህ ሰው ሐምሌና ነሐሴ፣ ቡና በሌለበት ክረምት፣ መጋዘኑ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም?

ያዳነው ማንም ያላሰበው ወረቀት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ ወዲህ፣ ዛሬም በተተኪው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት፣ ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝና ከአሠሪው በየወሩ ለጡረታ ገቢ ይደረጋል፤ ዛሬ የሠራተኛው 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ነው። የመዋጮው ዝርዝር ሲወጣ የሰውየው ስም በየዓመቱ ሐምሌም አለ፤ ነሐሴም አለ። «ወቅታዊ» የተባለው ሠራተኛ ለ11 ዓመታት ክረምት ከበጋ ሲዋጣለት ኖሯል። ዳኛው ይህን ዓይተው በጥር 2016 ዓ.ም. ፈረዱለት፤ ስለ መዘግየቱም የአንድ ወር ደመወዝ ጨመሩለት። ድምሩ 35,000 ብር ሆነ። ስድሳ ቀን የተባለው ግን ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ድሉ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አሠሪው የይግባኙ ቀን ሊያልፍ ሲል ይግባኝ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፍርዱ ጸና። ከዚያ ቀጥሎ አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል፤ ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ ገንዘብ ሌላ ነገር ነው። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች እንደሚቀድም ሕጉ ቢናገርም፣ የሚቀደምበት ንብረት መኖሩን ፈልጎ የሚያሳየው ግን ያው ሠራተኛው ነው። ገንዘቡ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ አለቀ። በመካከሉ፣ በዚያው ሐምሌ ወር፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ሒሳብ የተፈረደው 35,000 ብር በ2017 ዓ.ም. ገበያ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቀዋል።

እነዚያን 23 ወራት ቤቱ እንዴት እንደ ኖረ በፍርዱ መዝገብ አልተጻፈም። ሚስቱ መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና መሸጥ ጀመረች፤ የቡና መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ቤት በስኒ ቡና ተዳደረ። የሱቁ ዱቤ ደብተር ሞላ። የመጀመሪያ ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ባጃጅ መንዳት ጀመረ፤ አልተመለሰም። ፍርድ ቤቱ የፈረደው የአባቱን ገንዘብ ነው፤ የልጁን ዓመታት የሚመልስ አፈጻጸም ግን የለም።

በዚያ መካከል የሰውየው አባት አረፉ። እድሩ በሰዓቱ ደረሰ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር መጣ፣ ንፍሮና ቡና ቀረበ፣ ቀባሪ ተሰለፈ። ቤተሰቡ በችግር ላይ ሆኖም የእድር መዋጮውን አንድም ወር አላጓደለም ነበር። ከቀብሩ በኋላ አንድ ማታ ያለኝን አልረሳውም፦ «ዶክተር፣ አባቴ ሲሞት ድንኳን ተተክሎልኛል። እንጀራዬ ሲሞት ግን እንኳን ድንኳን፣ እግዜር ያጽናህ ያለኝ የለም።»

ይህ ንግግር ለእኔ የጉዳዩ አስኳል ነው። እኛ በማዋጣት የማናምን ሕዝብ አይደለንም። በየሰፈሩ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ደንብ ያለው እድር አቁመናል፤ እቁብ እንጥላለን። መድን ማለት ክፉ ቀን የማን በር እንደሚያንኳኳ ስለማይታወቅ ሁሉም አስቀድሞ ያዋጣ ማለት ነው፤ ይህን ከማንም አልተማርነውም። የጎደለን ሥራ ማጣትን ከክፉ ቀን አንዱ አድርጎ መቁጠር ነው። ሞት የፈጣሪ ሥራ ነውና አያሳፍርም፤ ሥራ ማጣት ግን የሰውየው ጉድለት ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ይደበቃል፤ የሚደበቅ ነገር ደግሞ እድር አይመሠረትለትም።

መንግሥትም ቢሆን አይቶ እንዳላየ ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ለሥራ አጦችና ለችግረኞች ሥራ ለመፍጠር የሚያስችል ፖሊሲ እንዲከተል መንግሥትን ያዛል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች የማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ይላል። በየዓመቱ የተፈጠረው የሥራ ዕድል በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች እየተቆጠረ ሲነገረን እንሰማለን፤ በዚያው ዓመት የጠፋው ሥራ ግን አብሮ ሲነገር አልሰማሁም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 በደንቡ አማካይነት አሠሪዎች ከተፈቀደው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። ክልከላው መልካም ነው፤ ነገር ግን ደመወዙን የሚሸፍን ተቋም ስላልነበረ ሸክሙ ያው በአሠሪው ጫንቃ ላይ ቀረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣም፣ በሐዋሳም ሆነ እዚሁ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት እንጀራ የሚበሉ ወጣቶች እጣ በአንድ የውጭ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሎ ታየ።

«አገሪቱ ድሃ ናት፤ አብዛኛው ሕዝብ ገበሬና የራሱን ሥራ የሚሠራ ነው፤ መድኑ ለጥቂቶች ይሆናል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጡረታም የተጀመረው ለጥቂቶች ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ1955 ዓ.ም. ወጣ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው ተራ የደረሰው ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1911 የሥራ አጥነት መድንን በሕግ ስትጀምር የሸፈነችው እንደ ግንባታና መርከብ ሥራ ያሉ ጥቂት ዘርፎችን ብቻ ነበር፤ የምትከፍለውም በሳምንት ሰባት ሺሊንግ፣ ቢበዛ ለ15 ሳምንት ነው። ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካን ብናይ ሠራተኛው 1 በመቶ፣ አሠሪው 1 በመቶ ያዋጣሉ፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቤት ሠራተኞችም ገብተውበታል። በዚያም የክፍያ መጓተት ቅሬታ አለ። ሆኖም የሚጓተት ገንዘብ ቅሬታ የሚኖረው ገንዘቡ ሲኖር ነው።

እኔ የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የስንብት ክፍያው አስቀድሞ ይቀመጥ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚከፈለው የወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ይህን ለ12 ወር ብናካፍለው በወር ከደመወዙ 2.8 በመቶ ገደማ ይሆናል። የጡረታ መዋጮ በየወሩ የሚሰበስበው መንግሥት ይህንንም በተለየ ሒሳብ ሊሰበስብ ይችላል፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ክረምት ከበጋ፣ መዝገቡ እጁ ላይ ነው። ያ መዝገብ አንድን ሰው በፍርድ ቤት ካዳነ፣ ሺዎችን ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ሊያድን ይችላል። ለአሠሪውም ቢሆን በደጉ ዓመት በጥቂት በጥቂቱ መክፈል በክፉው ዓመት የአሥራ አራት ዓመት ዕዳ በአንድ ቀን ከመቁጠር ይቀላል።

ሁለተኛ፣ አሠሪው ሲያሰናብት የሚገባውን ክፍያ ዘርዝሮ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፤ ይርጋውም መቆጠር የሚጀምረው ያ ጽሑፍ ከተሰጠበት ቀን ይሁን። ያኔ ዝምታ አሠሪውን አይጠቅመውም።

ሦስተኛውና ከባዱ የለቃሚዎቹ ጉዳይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ወደ ሊሙ፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ጌራ የሚወርደውን ሰው ተመልከቱ። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከከምባታ መጥቶ በኪሎ ሒሳብ ቀይ እሸት ይለቅማል፤ አሥር መኸር አንድ እርሻ ላይ ቢለቅም በሕግ ዓይን አሥር ጊዜ አዲስ ሰው ነው። የባለቤቴ ወንድም «ወቅታዊ አይደለሁም» ብሎ በማስረዳቱ ተረፈ፤ በእውነት ወቅታዊ የሆነውስ? በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የተራበው እርሱ ነበር፤ በየትኛውም መዝገብ ግን ሥራ አጥ ተብሎ አልተቆጠረም። መኸሮቹ ተደምረው እንደ አገልግሎት ይቆጠሩለት ዘንድ ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት ይገባል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከማስተማሪያ ክፍሌ በር ሆኜ የማየውን የጅማን ቡና ለዓለም ያደረሰው እጅ ከእኔ ያነሰ ዋስትና ሊኖረው የሚገባበትን ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ነገር ለሁላችንም ይቻላል። ይህን የምታነቡ አሠሪዎች፣ ሰባቱን ቀን አክብሩ፤ ባይሞላላችሁ እንኳ ያመናችሁትን በጽሑፍ ስጡ። ሥራ ያጣችሁ ደግሞ ሽማግሌ መላኩን አትተዉ፤ ነገር ግን ሽማግሌው ሲመለስ በእጁ የተፈረመ ወረቀት ይያዝ። ስድስቱ ወር ቶሎ ያልቃል።

ቸር ይግጠመን።